ሽምግልና የሄደው ኮቴ

ሥራዬ ማለያየት ነው። ሰው አይደለም የማለያየው፤ ለዚያ ሥራ ጎረቤት ይበቃል። እኔ የማለያየው ድኝን ከድኝ ነው። ሁለት የድኝ አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚኖሩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አሉ፣ ፀጉራችን ውስጥ አሉ፣ የመኪና ጎማ ውስጥም አሉ። ይህን መያያዝ የኬሚስትሪ ሰዎች ዳይሰልፋይድ እንለዋለን። እኔ ደግሞ እዚህ አዳማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሁለት የግራፋይት ዘንግ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ ኤሌክትሪክ እያሳለፍኩ እነዚህን የተጣመሩ ድኞች አፋታለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ።

«ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴም ብላኛለች። መልሱ አጭር ነው፤ ሽታ። የነጭ ሽንኩርትን ሽታ የሚያመጡት እነዚህ የተያያዙ ድኞች ናቸው። ኤሌክትሪኩ ሲያለያያቸው፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው ኦክስጅን ሲሸከሙ፣ ሽታቸው ይጠፋል። ሽንኩርት ከሚታጠብበትና ከሚፈጭበት ቦታ የሚወጣውን ግም ውሃ በዚህ መንገድ ማጽዳት ይቻላል ብለን ተነስተናል። ስለዚህ ሙያዬ፣ ወረቀት ላይ እንደተጻፈው፣ ሽታ ማጥፋት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ችግሩ ሥራው ደረጃ ደረጃ ያለው መሆኑ ነው። ሲጀመር ይሸታል፣ መሃል ላይ ይብሳል፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው። ለምን መጀመሪያ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ እንደማይሄድ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ሳይንሳዊ መልስ አላገኘሁለትም።

በዚህ ሥራ ዓመት ያለፈው ሰው አፍንጫው ከሥራው ጋር ይስማማል። እኔ ለራሴ ምንም አልሸትም። አከራዬ ግን ማታ ማታ በሩ ላይ ስታገኘኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ወጥ ሠርታችሁ ዋላችሁ?» ትለኛለች። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ዞር ብሎ ጫማዬን ያያል። እነዚህን ምልክቶች አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ። የተማረ ሰው ግን ማስረጃ እንጂ ምልክት አይበቃውም።

አሁን ወደ ሰናይት ልምጣ። ሰናይት እዚሁ አዳማ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቤተሰቦቿ አርሲ ነገሌ ናቸው። ለመጋባት ተስማምተናል። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ብቻ ነው፤ «ብቻ» ማለቴን ይቅር በሉኝ። አባቷ አቶ በቀለ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሰናይት ስለ እሳቸው ስትነግረኝ፣

«አባዬ እህል የሚገዛው በአፍንጫው ነው» አለችኝ። «ስንዴ እፍኝ ዘግኖ ያሸታል። ዝናብ ነክቶት ከሆነ ያውቃል፣ ጆንያ ውስጥ ከርሞ ከሆነ ያውቃል፣ ነቀዝ የጀመረው ከሆነ ያውቃል። ሰውንም እንደዚያው ነው።»

«ሰው ሲያሸቱ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይልም። ዝም ብሎ አይገዛም።»

ከእኔ በፊት አንድ ደህና ሥራ ያለው ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር አሉ። አቶ በቀለ ሽማግሌዎቹን በቀጠሮ ሲያመላልሷቸው ከርመው፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደክመው ቀሩ። እሳቸው እምቢ አይሉም። የእሳቸው እምቢታ ቀጠሮ መስጠት ነው። ሰናይት ይህን የነገረችኝ በፈገግታ ነበር፤ ፈገግታው ግን ዓይኗ ድረስ አልወጣም። «አንድ ጊዜ ቀጠሮ ከሰጠ አለቀ» አለችኝ። እኔም ፈራሁ። ይህን ስጽፍ ተረጋግቼ ነው እንጂ ያን ጊዜ ከልቤ ፈርቼ ነበር።

ሽማግሌ መረጥኩ። የመጀመሪያው አጎቴ ጋሽ ታደሰ ነው፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ። ሁለተኛው ኦቦ ገመቹ፣ ጎረቤታችን፣ ድሮ የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩ፣ በሁለት ቋንቋ ሽማግሌነት የሚችሉ ሰው። ሦስተኛው የአጎቴ የነፍስ አባት መምሬ ናቸው፤ እሳቸው ብዙ አይናገሩም፣ መስቀላቸው ይናገርላቸዋል።

የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ጋሽ ታደሰ ኮት የለውም። የወንጂ ሰው ኮት ምን ያደርግለታል? በዚያ ሙቀት ኮት የለበሰ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊሰርቅ መጥቷል። ሽማግሌ ግን ያለ ኮት አይሄድም። እኔ ለምረቃዬ የገዛሁት አንድ ሙሉ ሱፍ አለኝ፣ ቁመታችንም እኩል ነው። ኮቱን ላውንደሪ ሰጥቼ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተቀብዬ፣ ወደ ቤት ከመመለስ ብዬ ቤተ ሙከራው በር ጀርባ ሰቀልኩት። ከላይ የለበሰውን ላስቲክም አወለቅሁለት፣ አየር ያግኝ ብዬ።

ያን ቀን አንድ ሙከራ መጨረስ ነበረብኝ። ዘንጎቹን ነከርኩ፣ ኤሌክትሪኩን ለቀቅሁ፣ ጭሱን ስቦ የሚያወጣውን ማራገቢያ አስነሳሁ። ጥሩ ሄደ። መሃል ላይ ሲደርስ፣ እንደተለመደው፣ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። በሩን እንዳልከፍት ኮሪደሩ ላይ ያሉት የሌላ ክፍል ሰዎች ባለፈው አቤቱታ አቅርበውብኛል። መስኮቱ ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ስለዚህ መብራት እስኪመለስ ድረስ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እኔ፣ በግማሽ የተፋቱት ድኞችና ኮቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ትምህርት ልስጣችሁ፤ በነፃ ነው። ሱፍ የበግ ፀጉር ነው። ፀጉር ደግሞ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ በተያያዙ ድኞች የቆመ ነገር ነው። ከፈሳሹ ውስጥ ተለያይቶ የወጣው ድኝ መድረሻ አጥቶ ክፍሉን ሲዞር ኮቱን አገኘ። ዘመዱን አገኘ ማለት ነው። ዘመድ ቤት የገባ እንግዳ ቶሎ እንደማይወጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ይህን ሁሉ ለፈተና ጽፌዋለሁ፣ ማርክም አግኝቼበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ማታ ለጋሽ ታደሰ ኮቱን አለበስኩት። ልክ ሆነለት። መስተዋት ፊት ቆሞ «ኢንጂነር መሰልኩ» አለ። ሽታው አልሸተተውም፤ የአጎቴ አፍንጫ ያን ሁሉ ዘመን ሞላሰስ ሲያሸት ኖሮ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ አብሮ ጡረታ ወጥቷል። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አፍንጫ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሻሸመኔ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ያን ቀን በልጅቷ ሰፈር መታየት ነውር ነው። ግን ቤቱን የሚያሳይ ያስፈልጋል ተባለና፣ እስከ ከተማው ሄጄ ሻይ ቤት ልጠብቅ ተስማማን።

ከመናኸሪያ ወጥተን ሞጆ ሳንደርስ ከኋላ ያለ ሰው «ረዳት፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለ። ረዳቱ «ዘይት ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው «ዘይት እንዲህ አይሸትም፤ ጋዝ ነው» አለ። ሹፌሩ ሰግቶ ዳር ያዘ። ወርዶ ከመኪናው ሥር ገብቶ አየ። ኦቦ ገመቹም የድሮ ሙያቸው ቀስቅሷቸው በነጠላቸው ጎንበስ ብለው አብረው አዩ። ምንም የለም። ውጪ ደግሞ አይሸትም። ተሳፍረን በሩ ሲዘጋ መጣ።

«መስኮት ክፈቱ» አለ አንድ ወጣት።

«ማን ነው መስኮት የሚከፍተው?» አሉ ከፊት ያሉ እናት። «ሽታ ሰው ገድሎ አያውቅም፤ ንፋስ ግን ስንቱን አልጋ ላይ አስቀርቷል።»

በዚህ ነገር ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ ይከፍታል፣ እናትየዋ ያስዘጋሉ። ሕፃን የታቀፈች ሴት «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» አለች፤ ይህን የምትለው በዚያ የሞጆ ፀሐይ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ነው። የእኛ ሰው ከሽታ ጋር ይደራደራል። ከንፋስ ጋር ግን ድርድር የለውም። በመጨረሻ ንፋስ ተሸነፈ፣ መስኮቶቹ በሙሉ ተዘጉ፣ ሁሉም አፍንጫውን በነጠላውና በሻርፑ ሸፍኖ ጉዞ ቀጠለ። ሰላሙ ግን ጥርጣሬ ነበረበት።

መቂ ስንደርስ ጥርጣሬው አንዲት ሴት ላይ አረፈ። እግሯ ሥር ጆንያ ነበራት። መቂ ደግሞ የሽንኩርት አገር ነው፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ሽንኩርት ተከምሮ እያያችሁ ጆንያ የያዘ ሰው አለመጠርጠር አይቻልም። «እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጣሪያ ላይ ብታስጭኚው?» አላት ረዳቱ በትሕትና። ሴትየዋ ጆንያውን ፈታች። የሚሸጥ የላስቲክ ጫማ ነው። አንድ ጥንድ አንስታ በሰው ሁሉ አፍንጫ ፊት አዞረችው። ከዚያ ስሟን ለማስመለስ ብላ ተነሳች፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ ጎንበስ እያለች፣ ከወንበር ወንበር እያሸተተች መጥታ አጎቴ ጋ ቆመች።

«ይኸው» አለች። «የኚህ አባት ኮት ነው።»

ጋሽ ታደሰ በሕይወቱ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ኮቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳበና «ምንም አይሸትም» አለ በቅን ልቦና። እኔም ሳብኩ፤ ምንም አልሸተተኝም። መምሬ ሳቡና በዝግታ አማተቡ። ያን ጊዜ ነው የበር ጀርባው፣ መብራቱ፣ ሱፉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የመጣልኝ።

«ጋሼ፣ አውልቀው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ከሥር እጅጌ ጉርድ ነው የለበስኩት» አለኝ እሱም በሹክሹክታ። «ሽማግሌ እጅጌ ጉርድ ለብሶ የሰው ልጅ ይጠይቃል?»

ባቱ ላይ ሹፌሩ ዓሣ ሊበላ ሲቆም፣ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ከአንድ ሱቅ ሽቶ ገዛሁ። ስሙን አላነበብኩትም፤ ጠርሙሱ ላይ ፈረስ ነበረበት። አጎቴን ከዛፍ ሥር አቁሜ ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ረጨሁት። የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ አንድ ሽታ ላይ ሌላ ሽታ ሲጨመር ሁለት ሽታ እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ። ኦቦ ገመቹ ራቅ ብለው ቆመው «ያ ዋቅ» አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። «ቅድም ነጭ ሽንኩርት ነበር። አሁን ሙሽራ የሆነ ነጭ ሽንኩርት ነው።» ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ እኚያው ንፋስ የሚፈሩት እናት ራሳቸው መስኮት ከፈቱ።

አርሲ ነገሌ ወረድን። ቤቱን ከሩቅ አሳየኋቸው፤ ሰፊ ግቢ፣ ከጎኑ ከቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የእህል መጋዘን። ሦስቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልካቸውን አጥፍተው ሄዱ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ገብቶ ስልኩ ቢጮህ ነውር ነው። እኔ ማዶ ካለ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሻይ አዝዤ አልጠጣሁትም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ወንበሩን ትንሽ ራቅ አደረገ፤ አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ።

ግቢ ውስጥ የሆነውን በኋላ ኦቦ ገመቹ እንደነገሩን ነው የምነግራችሁ። ደርሰው በሩ ላይ ቆሙ። አቶ በቀለ ወጥተው ሰላም አሏቸው። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ጀምረው፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ዝናቡን ጠይቀው ጨረሱ። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ተባሉ። «አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። «ጉዳይ አለን። ጉዳያችን ከተሰማልን እንቀመጣለን፣ ካልተሰማልን ቆመን እንመለሳለን።» ይህን ወግ ያዙልኝ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ከተቀመጠ እሺ ተብሏል ማለት ነው።

አቶ በቀለ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ኦቦ ገመቹ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አቶ በቀለ «ልጃችሁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቀን ለሳምንት ተለማምደን ነበር። ኦቦ ገመቹ ግን በዚያች ሰዓት ሁሉም ጠፋባቸው።

«በኤሌክትሪክ ይሠራል» አሉ።

«ብየዳ ነው?»

«የለም። የተያያዘውን ነው የሚያለያየው።» ትንሽ አሰቡና «የብየዳ ተቃራኒ ነው» አሉ።

የአቶ በቀለ አፍንጫ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። ወደ ውስጥ ዞር ብለው ሚስታቸውን «ነጭ ሽንኩርት እየላጣችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ኧረ ምንም አልላጥንም» የሚል መልስ መጣ። በዚህ ጊዜ የአቶ በቀለ ፊት ተለወጠ ይላሉ ኦቦ ገመቹ። አመድ መሰለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህል ነጋዴዎች ነቀዝ ለመግደል መጋዘን ውስጥ የሚያስቀምጡት ክኒን አለ። ክኒኑ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል፤ ሰው ካገኘም አይምርም። ስለዚህ መጋዘኑ በላስቲክና በጭቃ ታሽጎ፣ ማንም ሳይገባበት ይቆያል። የጋዙ ሽታ ምን እንደሚመስል ማንኛውም የእህል ነጋዴ ያውቃል። ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። አቶ በቀለ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጋዘናቸውን አሽገው ነበር።

«ሁሉም ከቤት ይውጣ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሽምግልናው ነገር ተረሳ። ሚስታቸው ወጡ፣ ለዚሁ ቀን ብላ ከአዳማ የመጣችው ሰናይት ወጣች፣ የአቶ በቀለ አሮጊት እናት ከነወንበራቸው በሸክም ወጡ። ዶሮዎቹም ወጡ። ጋሽ ታደሰ አዛውንቷን ለማገዝ ወንበሩን በአንድ በኩል ያዘ፤ እሳቸውም «ጋዙ ተከተለኝ፣ ጋዙ ተከተለኝ» ይሉ ነበር። አቶ በቀለ ግቢው ውስጥ ወዲያ ሲሄዱ ሽታው ይጠፋል፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ የቆሙት መጋዘኑ ግድግዳ አጠገብ ስለነበር ግን ጥፋቱ የግድግዳው ሆነ። ሽማግሌ ሊሸት ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ስልኬ የጮኸው በዚህን ጊዜ ነው። ሰናይት ናት።

«መጋዘኑ ጋዝ አፍስሷል» አለችኝ። «ቤቱ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

«ሽቶ ሽቶም ይላል?» አልኳት።

«እንዴት አወቅህ?»

ነገርኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ አባቷ ሄዳ ስትነግራቸው፣ እሳቸውም ሲቆጧት ሰማሁ። «ነገርኩት» አለችኝ ተመልሳ። «ሽማግሌ አታዋርጂ ብሎ ጮኸብኝ። ጫኝና አውራጆች ጠርቷል። ሁለት ናቸው፣ አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ አስረዋል። መጋዘኑን ከፍተው ክኒኑን ሊያወጡት ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ የእኔ ውርደት ብቻ ነበር። መጋዘኑ ግን ደህና ነው፤ ጋዙ እንደታሸገ ውስጡ አለ። የሚከፍተው ሰው በእርጥብ ጨርቅ አያመልጥም። አንድ ኮት ስለሸተተ ሁለት ሰው ሊሞት ነው። እዚያ ከታየሁ ደግሞ ትዳሩ አበቃለት፤ ሽማግሌ በላከበት ቀን ግቢ ዘሎ የገባ ሙሽራ ተሰምቶ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን እየሮጥኩ ነው። የሻይ ቤቱ አሳላፊ ሒሳብ ሳልከፍል መውጣቴን አይቶ ከኋላዬ ሮጦ ነበር፤ እሱም አይፈረድበትም።

ስገባ አንደኛው ጫኝ የበሩን ጭቃ በአካፋ መፈርፈር ጀምሯል።

«ጋሼ፣ አይከፈት» አልኩ፤ ትንፋሽ አጥሮኛል። «የሚሸተው መጋዘኑ አይደለም።»

አቶ በቀለ ዞሩ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ አፍንጫቸው እንደተባለው ነው። «አንተ ማን ነህ?»

ለዚህ ጥያቄም ለሳምንት ተለማምጄ ነበር፣ ለሌላ ቀን። «ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። ሽታው የእኔ ነው።»

ኦቦ ገመቹ ሰማይ ሰማይ አዩ። ሰናይት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አልነገረችኝም። ጋሽ ታደሰ ጋ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። አየኝ፣ አቶ በቀለን አየ፣ የጫኞቹን አካፋ አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። የወንጂ ፋብሪካ እጅጌ ጉርድ ሸሚዙ፣ ኪሱ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ያለበት፣ ለአርሲ ነገሌ ብርድ ተጋለጠ። አጎቴን እንደዚያን ጊዜ አክብሬው አላውቅም።

ኮቱን ይዤ እስከ ግቢው ዳር፣ እስከ ባሕር ዛፉ አጥር ድረስ ሄድኩና ቆምኩ። «አሁን ግድግዳውን ያሽትቱ» አልኩ።

አቶ በቀለ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ሄደው አሸተቱ። ወደ ቤቱ በር ሄደው አሸተቱ። ወደ ጋሽ ታደሰ ሄደው አሸተቱ። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ወደ እኔ መጡ። የኮቱን ጨርቅ እንደ ስንዴ በእፍኛቸው ጨብጠው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ወዲያው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አንተ» አሉኝ ሲረጋጉ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?»

ሌላ መልስ ብፈልግ አጣሁ። «ሽታ ማጥፋት ነው» አልኳቸው።

አንደኛው ጫኝ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አቶ በቀለ አልሳቁም። ከዚያ ወደ ጫኞቹ ዞረው «አካፋውን መልሱ፤ ጭቃውንም ለስኑት» አሉ። ቀስ ብለውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ላስገባቸው ነበር እኮ» አሉ። ይህን ስሰማ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ለምን እንደለቀቀኝ አላውቅም።

መምሬ ያን ቀን የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱንም የተናገሩት እዚህ ላይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ልጁ አልደበቀም።»

ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ ስላልተቀመጡ። ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እንግዲህ አቶ በቀለ፣ ዛሬ ቀኑም አልቀና፣ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ቢሰጡን…»

«ቀጠሮ አልሰጥም» አሉ አቶ በቀለ።

ሰናይትን አየኋት። እሷም አየችኝ። አባቷ እምቢ የሚሉት በቀጠሮ እንደሆነ ነግራኝ ነበር፤ ያለ ቀጠሮ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ኮቱ እጄ ላይ ከበደኝ።

«ቀጠሮ ብሰጣችሁ ያው ኮት ተመልሶ ይመጣል» አሉ አቶ በቀለ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው ጠሩ። «ወንበር አምጡ። ለሽማግሌዎቹ። እዚሁ ደጅ ላይ፣ ንፋስ ባለበት።» ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሩና «ቁጭ በሉ» አሉ።

መጀመሪያ የተቀመጠው ጋሽ ታደሰ ነው። ብርዱ አሸንፎት ነው ይላል እሱ። እኔ ግን ሲቀመጥ ዓይኑን አይቻለሁ።

ኮቱን አጥሩ ላይ ጥለነው መጣን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ምንም አልሸተተም፤ ጋሽ ታደሰ የመምሬን ጋቢ ደርቦ ተኝቶ መጣ። ኮቱ ለቀናት አጥሩ ላይ ዋለ አደረ፣ የነካው ሌባ የለም አሉኝ። ሌባም አፍንጫ አለው። በኋላ ሰናይት ደውላ፣ መጋዘኑ ጊዜውን ጠብቆ ሲከፈት አባቷ ኮቱን ወስደው ከጣሪያው ምሰሶ ላይ እንደሰቀሉት ነገረችኝ። «ከዚህ ወዲህ ነቀዝ አላየሁም» ይላሉ አሉ። ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። አማቴን ግን ማን ይከራከራቸዋል?

ሰርጋችን ሲቃረብ፣ ሌላ ሱፍ መግዛት ስለከበደኝ፣ ደፍሬ ደወልኩላቸው። አሁን እኮ ዘዴውን አውቃለሁ፤ በደንብ ባጥበው፣ ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ ለአንድ ቀን ቢሆን ይለበሳል፤ ኮቱን ቢልኩልኝ አልኳቸው በትሕትና።

ከአቶ በቀለ ኋላ ስንዴ ሲነፈስ ይሰማኛል።

«ሌላ ተከራይ» አሉኝ። «እሱ ሥራ ላይ ነው።»